ኦፓል ለሳቅ የሰጠችው ቃል

ፊልም አፍ በፈታ በሦስተኛው ዓመት፣ በሎስ አንጀለስ ከትራሙ ማዞሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ኦፓል ዊትከም የምትባል ታይፒስት ትሠራ ነበር። ስቱዲዮዋ ሃያ ሃያ ደቂቃ ከሚፈጁ አስቂኝ ፊልሞች ሌላ አታውቅም። የኦፓል ሥራ ደግሞ ሌሎች ያሰቡትን ቀልድ በስምንት ቅጂ መምታት ነው። ከካንሳስ ከመጣች አራት ዓመቷ፣ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት። ቁመቷ ረዘም ያለ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ብትገባም ብትወጣም ልብ የሚላት የሌለ ሴት ነበረች። የስቱዲዮው ሰዎች «ታይፕ» ይሏታል። «ታይፕ፣ ይቺን ምቺልኝ።» «ታይፕ፣ መስኮቱን ዝጊው።» በዚያ ከተማ በስሟ የሚጠራት ሰው ቢኖር በረዶ አመላላሹ ኤመት ዳርቢ ነበር።

ኤመት በየማለዳው እሷ ክፍል ወደተከራየችበት ወደ ወይዘሮ ፕሩት ቤት በረዶ ያመጣል። ትከሻው ላይ ቆዳ ጣል ያደርግና ሃያ አምስት ኪሎውን በረዶ በመቆንጠጫ ይዞ፣ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ምግብ የሚያቀዘቅዘው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ቀስ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ለኦፓል የነገራት አንድ ነገር ነበር፤ «ሚስ ኦፓል፣ ዛሬም ሊሞቅ ነው።» በስምንተኛው ሳምንት «ሚስ ኦፓል፣ እሑድ ሥራ የለኝም» አላት። ወይዘሮ ፕሩት ምድጃው ሥር ጎንበስ ብላ እየሰማች ኖሮ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይህ ሰውዬ ከዚህ በላይ አይናገርም፤ እሺ በይውና ይገላገል!» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከከተማው መናፈሻ ሐይቅ ዳር ይቀመጡ ጀመር። ኤመት «አንቺ» ለማለት አንድ ወር ፈጀበት። በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ባርኔጣውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ፣ ጉሮሮውን አንዴ ጠረገ፣ ሁለቴ ጠረገ።

«ኦፓል» አለ፤ «ያለኝን ልንገርሽ፤ የሌለኝን አንቺው ታይዋለሽ። እናቴ ዘንድ አርባ ሁለት የብርቱካን ዛፍ አለ፤ ሁለቱ አያፈሩም። ምድጃ አለኝ፤ አዲስ አይደለም፣ ግን ጭሱን ወደ ቤት አይመልስም። ጫማ ሁለት። ጥርስ ሠላሳ ሁለት፣ ሁሉም የራሴ ናቸው። ሲከፋኝ ዝም እላለሁ እንጂ እጄን አላነሳም። ክረምት ላይ ወገቤን ያመኛል፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ይኸው ነው፣ ሌላ የለኝም። እስኪ አስቢበት።»

ኦፓል ያን ጊዜ አልሳቀችም። እንባዋ መጥቶባት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች። አባቷ ሲነግድ የኖረ ሰው ነበር፤ ዕቃ ሲሸጥ ጉድለቱን አስቀድሞ የሚናገር ሰው አይታ አታውቅም። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ» አለችው። እሱም ሁለቱን ሳምንት እንደ ትልቅ ስጦታ ተቀበለ።

በማግስቱ ስቱዲዮው ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። የሚሠሩት ፊልም የአንድ አስተናጋጅ ታሪክ ነው። አስተናጋጁ የሰው ካፖርት ለብሶ፣ ባለጠጋ ነኝ ብሎ የነዳጅ ከበርቴ ልጅ ያጫል። መጨረሻ ላይ የካፖርቱ ባለቤት ይመጣና ካፖርቱን አስወልቆ ይወስድበታል። ሰውዬው በሸሚዙ ቀርቶ ልጅቷ ፊት ይንበረከካል። እዚህ ላይ ምን ይበል? ድሮ ቢሆን ግድ የለም፣ አንድ ኬክ ፊቱ ላይ ይለጠፍና ያልቃል። አሁን ግን ተመልካች ቃል ይጠብቃል። ኬክ መወርወር የሚያውቁ ስድስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠው ከአንዳቸውም አንድ ቃል ጠፋ።

ዳይሬክተሩ ሚስተር ሎምባክ ወረቀቱን ቀደደው። «ይህ ቀልድ ነው? ይህ የቀብር ንግግር ነው! የራቁቱን የቀረ ድሃ ሰው ምንድን ነው የሚለው? ከእናንተ ውስጥ ድሃ ሆኖ የሚያውቅ የለም እንዴ?»

ማንም አልመለሰም። ኦፓል ማዕዘኑ ላይ ካለው የጽሕፈት መኪናዋ ኋላ ነበረች። ምን እንደገፋፋት በኋላም ብዙ ጊዜ ራሷን ጠየቀች። ዝምታው ነበር፤ ስድስት ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ያ ነገር እሷ ዘንድ መኖሩ ነበር። «እኔ የማውቀው አንድ ሰው አለ» አለች።

ሁሉም ዞሩ። በአራት ዓመት ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ሲያይዋት ይህ መጀመሪያው ነው። ጀመረች። አርባ ሁለቱን ዛፍ ስትል ፈገግ አሉ። ሁለቱ አያፈሩም ስትል አንዱ ፈነዳ። ያን ጊዜ ሙቀቱ ወደ ራሷ ወጣ። ተነሥታ ቆመች። የሚስተር ሎምባክን ባርኔጣ ከጠረጴዛ አንሥታ ታሽከረክረው ጀመር፤ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠረገች፤ ድምፅዋን አወፈረች። ጥርሱ ጋ ስትደርስ ዋናው ተዋናይ ፊንች ሆዱን ይዞ ወንበሩ ላይ ተጋደመ። እሷም ሳቀች። አብራቸው ከት ብላ ሳቀች።

«ወገቤን ያመኛል! ወገቤን ያመኛል ይላል!» አለ ሚስተር ሎምባክ ዐይኑን እየጠረገ። «እንዳለ ጻፊው። አንድ ቃል አትቀይሪ። ቆይ፣ አንቺ ልጅ፣ ስምሽ ማን ነበር?»

«ኦፓል።»

«ኦፓል! ወንበርሽን ወደዚህ አምጪው።»

ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አመጣች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከእነሱ ጋር ተቀመጠች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ግን ትራሙ ላይ የኤመት ፊት ድቅን አለባት። ማን ያውቀዋል፣ አለች ለራሷ፤ ከአሥር ነገር ዘጠኙን ይጥሉት የለ።

ይህን አልጣሉትም። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ አዳራሽ፣ ካሜራው እንዳይንጫጫ ሳጥን ውስጥ ተዘግቶበት፣ ማይክሮፎኑ አበባ ማስቀመጫ ውስጥ ተደብቆ፣ ፊንች ባርኔጣውን እያሽከረከረ የኤመትን ቃል ተናገረ። ኦፓል ወረቀት ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። መብራት የሚይዙት ሰዎች ሳቃቸው ድምፅ በሚቀዳበት ሸክላ ላይ እንዳይቀረጽ አፋቸውን በክንዳቸው አፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። እሷ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ዝም ግን አለች።

ሁለቱ ሳምንት ሲሞላ ለኤመት «እሺ» አለችው። ከልቧ ነበር። እሱም የእናቱን ቀጭን ቀለበት አጠለቀላት። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያለች ቆየች። ነገር ሲቆይ ይከብዳል እንጂ አይቀልም፤ እሷ ግን እየቀለለ የሚሄድ መሰላት። እንዲያውም በጥር ወር ረስታው ነበር።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ኤመት አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ኪሱን ነካ ነካ አደረገ።

«ቲኬት ገዛሁ፤ የስምንት ሰዓቱን። ያንቺ ሰዎች የሠሩት ፊልም ከትልቁ ፊልም በፊት ይታያል አሉኝ። በረዶ የማደርስለት ፀጉር አስተካካይ አይቶት በሳቅ ሞቶ ነበር። አንቺ የመታሽው ነው እኮ፤ ለራሴ፣ አብሬያት ካላየሁት አልኩ።»

ኦፓል ግንባሯን ያዘች። «ራሴን እያመመኝ ነው፣ ኤመት። ሌላ ቀን ብንሄድስ?»

«ጨለማ ነው እኮ፤ ዐይንሽን ታሳርፊበታለሽ» አለ በደስታ። ይህን ያህል ቀልዶ ስለማያውቅ እንቢ ማለት አቃታት።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ኤመት ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር፤ አስተናጋጁ ሾርባውን ሲደፋ ክንዷን ነካ አደረጋት። ከዚያ ካፖርቱ ተወሰደ። ፊንች ተንበረከከ። ባርኔጣውን አሽከረከረ። ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«ያለኝን ልንገርሽ፤ የሌለኝን አንቺው ታይዋለሽ።»

ኦፓል ዐይኗን ወደ ኤመት አላነሳችም። ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን ብቻ ነው ያየችው። አርባ ሁለቱ ዛፍ ሲባል ባርኔጣውን የሚደባብሰው እጁ ቆመ። ሁለቱ አያፈሩም ሲል ሕዝቡ ሳቀ። ምድጃው ላይ ሳቁ ጨመረ። ጥርሱ ላይ አዳራሹ ተናጋ፤ ከኋላቸው ያለች አንዲት ሴት «ውይ ጥርሱ! ጥርሱን ቆጠረላት እኮ!» እያለች ወንበራቸውን ትደበድበው ጀመር። ከዚያ ኦፓል እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ያልረሳችውን ነገር ሰማች። ኤመት ሳቀ። ሰዎች ሁሉ ከሳቁ በኋላ፣ ዘግየት ብሎ፣ ለይምሰል ያህል፣ ሁለት ጊዜ «ሃ፣ ሃ» አለ። ባርኔጣውንም ከጉልበቱ አንሥቶ ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።

ትልቁን ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩት። ምን እንደነበር ኦፓል አታውቅም። ወጥተው በፀሐዩ ሦስት መንገድ ያህል ከተሻገሩ በኋላ ኤመት ጉሮሮውን ሊጠርግ ጀመረና ተወው።

«ጥሩ አድርጎ ነው የተናገረው» አለ።

ጥቂት እርምጃ ሄዶ ቀጠለ።

«ዓለም ሰፊ ነው። ሌላም ሰው እንደኔው ብሎ ይሆናል። አይደል?»

የማምለጫ በር እየከፈተላት ነበር። በሩ ወዴት እንደሚያስወጣት ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም ገባችበት። «ይሆናል» አለች። «ሰው ሁሉ እንዲህ እንዲህ ነው የሚለው።»

«አዎ» አለ ኤመት። «ሁለቱ አያፈሩም ነው ያለው ግን።»

እስከ ወይዘሮ ፕሩት ቤት ድረስ ሸኛት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረዶውን ወጥ ቤት አያስገባም፤ ደረጃው ላይ በጆንያ ጠቅልሎ ትቶት ይሄዳል። በረዶው እየቀለጠ ደረጃዋን ሲያርሰው፣ ወይዘሮ ፕሩት «ምን አድርገሽው ነው? በረዶ እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም!» አለቻት። 

ሰኞ ዕለት ወደ ሚስተር ሎምባክ ገብታ ያ ንግግር ከፊልሙ እንዲወጣላት ለመነችው። እሱ በሳቅ ሊጀምር ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ስሚኝ፣ ኦፓል» አለ። «ሥዕሉ ፊልሙ ላይ ነው፤ ድምፁ ግን ሸክላ ላይ ነው። ከፊልሙ አንድ ክንድ ብቆርጥ ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ አፏን ስትከፍት የምትሰሚው የወንድ ድምፅ ነው። ደግሞስ ስንት ከተማ ገብቷል! ሸክላውን ከየሀገሩ ልልቀም? ያ ሰውዬ ያንቺ ሰው ነበር እንዴ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ አጎትሽ መስሎኝ ነበር» አለና ጠረጴዛውን ያይ ጀመር። ክፉ ሰው አልነበረም። ሊረዳት የሚችልበት መንገድ ግን አልነበረውም።

ኦፓል ሦስት ቀን አሰበች። ሐሙስ ማለዳ ሥራዋን ትታ በረዶ ፋብሪካው ድረስ ሄደች። ሠረገላ እና መኪና ተሰልፎ፣ ሃያ ያህል ሰዎች በረዶ እየጫኑ ነበር። ኤመት ከጫፍ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቷል። ገና ከበሩ ስትገባ ኦልሰን የሚሉት ቀይ ፂም ያለው ሰው፣

«አንተ! ጥርስህ ስንት ነው?» ብሎ ጮኸ።

«ሠላሳ ሁለት!» አሉ ሦስት አራት ሰዎች በአንድ ድምፅ። «ሁሉም የራሴ!»

«ወገብህስ?»

«ክረምት ላይ ብቻ!»

ሳቁ ግቢውን ሞላው። ኦፓል ደሟ ፈላ። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ሲያሾፉበት ኖረዋል! ሳታስበው መሐላቸው ገባች።

«ተዉ!» አለች። «አታፍሩም? እሱ በንጹሕ ልቡ የተናገረው ነው! አውጥቼ ለፊልም የሰጠሁት እኔ ነኝ። መሳቅ ካለባችሁ በእኔ ሳቁ፤ ኤመትን ተዉት!»

ሳቁ ቆመ። ኦልሰን አፉን እንደከፈተ ቀረ። ከሰዎቹ ፊት ላይ ያነበበችው ሐፍረት አልነበረም፤ ግር ማለት ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ፣ ቀስ እያሉ፣ ራሳቸውን ወደ ኤመት አዞሩ።

«ኤመት?» አለ ኦልሰን። «አንተ ነህ እንዴ?»

አያውቁም ነበር። እነሱም እንደ ከተማው ሁሉ ከፊልሙ የለቀሙትን ቀልድ ነበር እርስ በርሳቸው የሚወራወሩት። ኤመት ለማንም አልተናገረም። ያን ሳምንት ሁሉ ቃሉ በጆሮው ሲጮህ በረዶውን እየጫነ ዝም ብሎ ነበር። የመጨረሻ መሸሸጊያው ሰው አለማወቁ ነበር። እሷ መጥታ በሃያ ሰው ፊት ጣሪያውን ነቀለችበት።

ከኋላ አንድ ሰው ያፈነው ሳቅ በአፍንጫው አመለጠው። ኤመት የተሸከመውን በረዶ በእርጋታ መኪናው ላይ አስቀመጠ። የትከሻውን ቆዳ አውልቆ አጠፈና ኦልሰን እጅ ላይ አደረገው። በኦፓል አጠገብ ሲያልፍ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሰላምታ ሰጣት፤ እንደማያውቃት ሴት። ከዚያ ወጣ። ወደዚያ ሥራም አልተመለሰም።

በሚቀጥለው እሑድ ኦፓል በባቡር ተሳፍራ እናቱ ወደሚኖሩበት ወደ ኮቪና ሄደች። ወይዘሮ ዳርቢ አጭር፣ ደርባባ፣ ዐይናቸው እንደ ልጃቸው ቀስ ብሎ የሚያይ ሴት ነበሩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን እየለዩ ነበር። ተቀመጪ አላሏትም፤ ሂጂም አላሏትም።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ኦፓል።

«ከማን?»

«ከእሱ። ከእርስዎም።»

ወይዘሮ ዳርቢ አንድ የበሰበሰ ብርቱካን ወደ ቅርጫቱ ጣሉ። «እኔ ምን አደረግሽኝ? ሁለቱ ዛፎቼ እንደማያፈሩ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል» አሉ። ከዚያ ሥራቸውን አቆሙ። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? መጀመሪያ ያወራሽው እንዲወዱሽ ብለሽ ነው። እሱንስ ልጅነት ነው እንበል። ሁለተኛ ያወራሽው ደግሞ አንቺ እንዲቀልልሽ ብለሽ ነው። ሁለቱንም ጊዜ እሱን አልጠየቅሽውም።»

 ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

ኤመት ከዛፎቹ መሐል ወጥቶ መጣ። ከስቷል። እናቱ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። እሱ በረንዳው ሥር ቆመ፤ እሷም በረንዳው ላይ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለ። «ሐይቁ ዳር ስነግርሽ ፊትሽን አዙረሽ ነበር። ያኔም እየሳቅሽ ነበር?»

«አይደለም! እያለቀስኩ ነበር፣ ኤመት። እምልልሃለሁ።»

 «ላምንሽ እፈልጋለሁ» አለ። «ከልቤ ነው የምልሽ። ስቱዲዮው ውስጥስ? ስትነግሪያቸው?»

ይዋሻል እንዴ፣ ዛሬ ደግሞ? «ሳቅሁ» አለች።

ራሱን ነቀነቀ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አልጠላሁሽም፣ ኦፓል። ይቅርም ብዬሻለሁ፤ ቂም መያዝ አልችልበትም። ግን አንቺ ፊት አፌን ስከፍት፣ ይኸው አሁን እንኳ፣ ያ ሰውዬ ከኔ ቀድሞ ሲለው ይሰማኛል። በዚህ ዓይነት ዕድሜ ልክ መኖር አይቻልም። ሰው ከሚስቱ ጋር ማውራት አለበት።»

ቀለበቱን አውልቃ በረንዳው አጥር ላይ አስቀመጠችው። ሊያነሣው እጁን ሲሰድ ጣታቸው ሊነካካ ነበር፤ ሁለቱም ሳቡ።

ኦፓል ስቱዲዮው እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ዓመት እዚያው ሠራች። ወንበሯን ከኮቪና በተመለሰች ማግስት ወደ ማዕዘኑ መልሳዋለች። ከዚያ ፍሬስኖ ሄዳ እህቷ ዘንድ ገባች፤ የትምህርት ቤት ቢሮ ውስጥ ሥራ አገኘች። በሠላሳ አራት ዓመቷ ሚስቱ የሞተችበት መድኃኒት ቀማሚ አገባች። ደህና ሰው ነበር። አንድ ቀን ታሪኩን ልትነግረው ጀመረች፤ ጥርሱ ጋ ስትደርስ ሰውየው ሳይፈልግ ሳቀ። እሷ ልብስ ላስገባ ብላ ወጣችና ገመዱ ሥር ብዙ ቆየች። ደግማም አላወራችለትም። ጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው የሰው ነገር ሲያነሡ፣ «ኦፓል ጋ የገባ ወሬ አይወጣም» ይሉ ነበር፤ ጠባይዋ ነው ብለው ያመሰግኗታል። ይህም ምስጋና ያሳፍራት ነበር።

ኤመትን አንድ ጊዜ ብቻ አየችው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ፣ ለእህቷ ልጅ ሠርግ ሎስ አንጀለስ ወርዳ፣ ገበያ ውስጥ ድንች ስትመርጥ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። አንዲት ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ክንዱን ይዛዋለች። እሱ ያወራል! እጁን እያወናጨፈ፣ ስለ አንድ በሬ ነው፣ አጥር ስለ ሰበረ በሬ፣ ሴትየዋን በሳቅ እየገደላት ያወራል። እንዲህ ሲያወራ ኦፓል ሰምታው አታውቅም።

ከዚያ ዐይኑ እሷ ላይ አረፈ። ቃሉ መሐል ላይ ተቋረጠ። ባርኔጣውን አነሣ።

«ከዚያስ? በሬው ምን ሆነ?» አለች ሚስቱ።

ኦፓል ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰላምታ ሰጠችው፤ ድንቹን መልሳ አስቀመጠችና ወደ ሌላው መደዳ፣ ሽንኩርቱ ወደሚሸጥበት ታጠፈች። ታሪኩን ለሚስቱ ይጨርስላት ብላ ነው። ትንሽ ቆይቶ የሴትየዋ ሳቅ ከወዲያ ማዶ ተሰማ። ኦፓል ሽንኩርት ሳትገዛ ወጣች።